ለምለም ብለህ ጥራት

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር
ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ጅቡቲ ለሚገኘው ለባለቤቴ ለመርጋ ዋቅጅራ

ሰሙነ ሕማማት ነውና መሳሳም የለም፤ የናፈቅሁህን ያህል ሰላም ሳልልህ ወደ ጉዳዩ ብገባ ቅር አይበልህ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሃድጉ ነው፣ ባቡሩ ላይ እሳት የሚያነደው። ጠዋት፣ ሰው አጠገብህ ሳለ ክፈተው ብሎሃል። አንተ መቼም የተነገረህን አትሰማም፤ እንግዲህ ከከፈትከው ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቤታችን ፈርሷል። ጣሊያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት ሊሠሩበት ግቢውን ወሰዱት። አዲሶቹን ቤቶች ‹ካዛ ኢንቺስ› ይሏቸዋል፤ የእኛ ሰው ከወዲሁ ካዛንችስ ብሎ አሳጥሮታል። አንተ የተከልካቸውን ባሕር ዛፎች ፈልጠው ሲያነዱ በዓይኔ አየሁ። እኔ ወደ ቂርቆስ ወርጄ ጀሚላ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እዚህ የሚያውቀን የለም። ያኔ አምርሬ አልቅሼ ነበር፤ ዛሬ ግን እንኳንም ሰው አላወቀን እላለሁ።

ያመለከትከው ነገር የፈረንሳይ ቆንስላ ደርሷል። ጅቡቲ የተሰደደ ሰው ሚስቱንና ልጁን የሚያስመጣበት ልዩ ፈቃድ አለ ያልከው እውነት ነው። የእኔን መውጫ ግን ጣሊያኖቹ አልፈረሙም። ‹ባሏ የሸሸ ሴት እዚሁ ትቆይ› አሉ። ለልጅቷ ፈረሙ። ለምለም መርጋ የሚል ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት እጄ ላይ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ጀሚላ ለጨርቅ ወደዚያ ስትወርድ አብራት ትሳፈራለች።

አሁን የማይጻፈውን ልጻፍ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሽማግሌ በማለዳ በርህን አንኳኩቶ፣ ዘመድ ከቦህ ነበር መስማት የሚገባህ፤ እዚያ ግን ማን አለህ? መርጋ፣ ለምለማችን ሞታለች። ባለፈው መስከረም ቡልጋ እህቴ ዘንድ ልኬያት ንዳድ ያዛት። ስደርስ ትንፋሿ ነበር፤ እዚያው ቀበርናት። ስመለስ ፀጉሬን አልተላጨሁም፣ ጥቁር አልለበስኩም፣ ተዝካሯንም አላወጣሁም። ምን ዓይነት እናት ናት እንዳትል፣ ጨርሰህ ስማኝ።

ጎረቤታችን ደጋጋ ሊካሳ በዚያ በየካቲቱ እልቂት ወጥቶ እንደቀረ ጽፌልህ ነበር። ወንድሙ ዱር ስለገባ የደጋጋን ሚስት ሶማሊያ ወዳለው የደናኔ እስር ቤት ወሰዷት። ልጃቸው አልጋነሽ የማገዶ ቤቴ ውስጥ ተደብቃ ተረፈች። ዛሬም ‹የደጋጋ ልጅ የት ገባች› እያሉ ይጠይቃሉ። የለምለም እኩያ ናት። ለምለምን ባለቅስላት ሞቷ ይታወቃል፤ ከታወቀ ደግሞ ይህችን በማን ስም አወጣታለሁ? ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ቂርቆስም ‹ልጄ ለምለም› ብዬ ይዣት ገባሁ። ጡቴን ማር ቀብቼ በንስሐ አባቴ ፊት አጠባኋት። እናንተ ጉዲፈቻ ትሉታላችሁ፤ በእኛም ቢሆን የጡት ልጅ ከወለዱት አይለይም። ቆንስላው ‹ልጅሽ ናት?› ሲለኝ የማልኩት በዚህ ነው። አልዋሸሁም።

አስተርጓሚው አስመላሽ የሚባል ያስመራ ሰው ነው። ፈረንጁ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ የፈራሁት ይህን ሰው ነበር። ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለና፣

«ስምሽ ማነው?» አላት።

«ለምለም።»

«የማን ልጅ?»

«የመርጋ።»

«መርጋስ የማን?»

የአንተን ዘር እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሬያት ነበር፤ አንድም ሳትስት ትወጣዋለች። ግን በአያቷ ጫንቃ ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ አያት ሲባል የምታውቀው አንድ ሰው ነው።

«የሊካሳ» አለች።

ወረቀቱ ዋቅጅራ ይላል። ቶሎ ብዬ «ሊካሳ የእኔ አባት ነው፤ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ ነው» አልኩ። የእኔ አባት ስምም እዚያው ተጽፏል፤ ሸዋአየሁ ኃይለማርያም ይላል። አስመላሽ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ እሷን ቆየት ብሎ አየ። ከዚያ ለፈረንጁ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ፤ ማኅተሙም ተመታ። ስንወጣ በሩ ድረስ ተከተለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እመይቴ፣ ድሬዳዋ ኬላ ላይ ጣሊያኖቹ ሲጠይቋት እኔ አልኖርም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ስሠራትም፣ ውኃ ልንቀዳ ስንወርድም ‹መርጋስ የማን?› እላታለሁ። ልቧ ሲረጋ ዋቅጅራ ትላለች። ስትፈራ ሊካሳ ይመጣባታል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ እኔም ብሆን እፈራለሁ።

ድሬዳዋን ካለፈች የቀረው የአንተ ፋንታ ነው። ጅቡቲ ጣቢያ አባት ቀርቦ ‹ልጄ ናት› ብሎ ካልተረከባት ይመልሷታል። ከተመለሰች ማን እጅ እንደምትገባ ታውቃለህ። ጠየም ያለች ቀጭን ናት፤ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት። ባቡሩ ሲቆም የለምለምን ፊት አትፈልግ። አንተ ካርታ ስትጫወት እንኳ ፊትህ ነው የሚያስበላህ፤ ስለዚህ ልቅሶህን ዛሬ ጨርሰው። ሃድጉን ያዘውና አልቅስ፤ እሱ ይችልሃል። ያን ቀን ግን እጅህን ዘርግተህ ለምለም ብለህ ጥራት። ቤት ገብታችሁ በሩ ከተዘጋ በኋላ አያቷን ጠይቃት። ሊካሳ ካለችህ አታርማት።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ባቡሩ ሲነሣ ጣቢያው መሐል ቆሜ፣ ደረቴን እየደቃሁ ለምለምዬ እያልኩ አለቅሳለሁ። ልጇን የምትሸኝ እናት ብታለቅስ ማን ይጠረጥራታል? ከመስከረም ጀምሮ ያመቅኩትን እዚያ አወጣዋለሁ።

ይህን አንብበህ ስታበቃ አቃጥለው። የዋቅጅራም የሊካሳም አምላክ ይከተላችሁ፤ ለትንሣኤው ያድርሳችሁ።

የሁለት ልጆችህ እናት
ሸዋአየሁ