ግርዱን ለዘር

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቁ ነጋዴ፣ ለልጄ ለባምላኩ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሐፍረት በቀር የሚያመኝ የለም። ስልክ እንዳልደውል፣ ድምፄን ስትሰማ ኔትወርክ የሚጠፋብህ ልጅ ነህ። ወረቀት ደግሞ አይቋረጥም። ይህንንም ወደ ዴዴሳ ለሚመላለሰው ለሾፌሩ ለይገዙ ሰጥቼዋለሁ።

«ዘንድሮም የኦቾሎኒውን ግርድ ላኪልኝ» ያልከው መልእክት ደርሶኛል። ዓይንህን በጨው ታጥበህ! አምና ከቤቴ ስታስጭነው «ለዘይት መጭመቂያ ነው እማዬ» ነበር ያልከኝ። እኔም ሞኟ አመንኩህ። ለቃሚዎቼ እነብርቅዬ ቀኑን ሙሉ ወገባቸው እስኪቆረጥ ደህናውን ለቆሎ፣ የኮመተረውን ለማስፈጨት የሚለቅሙት ለጨዋታ መሰለህ? ጦር ኃይሎች ታክሲ ለሚጠብቅ መንገደኛ እንኳ ቆልቼ የማልሸጠውን፣ አንተ «ምርጥ ዘር» ብለህ ለሚስትህ አባትና ለጎረቤቶቻቸው ሸጥክላቸው።

ሁሉን የነገረችኝ ቦንቱ ናት። ባሏን ልታማ አይደለም፤ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ቅጠሉ ዥጉርጉር ሆነ፣ ተክሉ ቀነጨረ፣ ሲነቀል ሥሩ ላይ ያለው ፍሬ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። የመጣው የግብርና ባለሙያ እንዳስረዳቸው ነገሩ ቫይረስ ነው። ከታመመ ተክል በተለቀመ ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ እንዲህ ያለው ፍሬ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኮመተረው ነው። ጥቂቱ ታሞ ከበቀለ በኋላ ክሽክሽ የምትባል ደቃቅ ተባይ እሱን ትመጥና ጤነኛውን ስትመጥ በሽታውን ታወርሰዋለች፤ ክንፍ አውጥታም ከማሳ ማሳ ታዳርሰዋለች። አንዴ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። እንግዲህ ካንተ ያልገዙት፣ የራሳቸውን ዘር የዘሩትም አልተረፉም። አማትህ አቶ ዳባ ከአባታቸው የወረሱት ዘር ሳይቀር ተበላሸ።

አንተስ ምን አልካቸው? «ፀሐይ በዝቶበት ነው።» አፍ የሌላትን ፀሐይ ከሰስክ! አይነጋ መስሏት ምን አደረገች ይባላል? እሷ እንኳ ካንተ ትሻላለች፤ ያበላሸችው የራሷን ቋት ነው።

ንቄህ ዝም ልል ነበር። ግን ሰኞ ዕለት አቶ ዳባ ራሳቸው ደወሉልኝ። «ልጅዎ ባይኖር ዘንድሮ ዘር ከየት እናገኝ ነበር? እንዲህ አድርገው ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፣ ይባረኩ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ሰውየው ግንቦት ሲገባ አሁንም አንተን አምነው ሊዘሩ ነው። ሁለተኛ ዓመት ምርት ካጡ መሬቱን ለሰው ሰጥተው ከመሰደድ በቀር ምን ይተርፋቸዋል? ቦንቱ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ልጅህን ባዶ ጎተራ ሊቀበለው ነው።

ግርዱን አልክልህም፤ ተፈጭቷል። በምትኩ ማሳው በባለሙያ ታይቶ ንጹሕ ነው የተባለ ዘር አግኝቻለሁ። አንተ እጅ ግን አይገባም። ቅዳሜ ከአስኮ መናኸሪያ ይዤው እሳፈርና ለአቶ ዳባ ራሴ አስረክባለሁ። እስከዚያው ሥራ ፈትተህ አትቀመጥ፤ አምና ማሳው ላይ ከቀረው ፍሬ በራሱ የበቀለ ኦቾሎኒ ካለ እየነቀልክ አቃጥል።

ከመድረሴ በፊት እውነቱን ንገራቸው። ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እዚያው አንተው ፊት። ይሰድቡሃል፤ ደግ አደረጉ። ከቤታቸው ያስወጡህም ይሆናል፤ እኔም ብሆን አስወጣህ ነበር። ሲናገሩህ ግን አጠገብህ እቀመጣለሁ። ሌላ ማን ይቀመጥልሃል?

ብልጠቱን አትረፍርፎ የሰጠህ አምላክ ልቡንም ይጨምርልህ።

ምን ላድርግ፣ እናትህ ነኝ።
ማራኪ