ሩር እንዳይነካ ስለታዘዘው ስለ ላቀው

ለክቡር አቶ ካሣሁን ዋሴ
የወይራ ዘንግ የገና ክለብ የበላይ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ከአርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
ጥር ፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ገናን በሰላም ያስዋለዎ አምላክ ጥምቀቱንም በጤና ያድርስዎ፤ ጉልበትዎን ከቁርጥማት፣ ወንበርዎን ከተመኚ፣ ማኅተምዎን ከሌባ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ ዛሬ አርብ በገበያተኛው ፊት ካነበብኩት በኋላ ወደ ክቡርነትዎ የላክሁት መሆኔን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።

ስሜ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ይባላል። ከሥራዎ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ በአዘቦት ቀን ለደብሩ ተማሪዎች ዜማ የማስተምር፣ በገና ደግሞ የላይ ሰፈርንና የታች ሰፈርን ጨዋታ የምዳኝ ሽማግሌ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከሜዳው ዳር ከግራሩ ሥር አጠገብዎ ተቀምጬ የሙክቱን ፍሪምባ ያጎረስኩዎ እኔው ነኝ። እንደኔ ያለ ደሀ እንደርስዎ ላለ ጌታ እንዲህ አድርጎ መጻፉ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው የደነገጉልን መብት በእኛ አገር እስከ ጥምቀት ዋዜማ የሚጸና ስለሆነ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ባይቆጡ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንደ ፈቃድዎ ቢቆጡ ቅር አይለኝም።

ነገሩን ለማያውቀው ገበያተኛ ስል ከሥሩ እጀምራለሁ። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የገና ዕለት ክቡርነትዎ፣ ለገና ተጫዋች የወር ደሞዝ የሚከፍል ክለብ በአዲስ አበባ ተቋቁሟል ብለው በላንድሮቨር መጡልን። የእስቴ ልጅ መሆንዎን ስንሰማ ደስታችን እጥፍ ሆነ፤ ከሩቅ የመጣ ባዕድ ቢሆኑ ኖሮ ዋስ እንጠራ ነበር፣ ለጎረቤት ልጅ ግን ዋሱ አገሩ ነው ብለን ዝም አልን። ከወይራ ጉጥ የተጠረበችው ሩር ከዱላ ዱላ ስትዘል ሲያዩ ውለው፣ ሲመሽ ሁለት ልጆች መረጡ፤ ከላይ ሰፈር አስማረን፣ ከታች ሰፈር ላቀውን። ሁለቱም ደብረ ታቦር አሥረኛ ክፍል የሚማሩ፣ ለበዓል ወደ ቤታቸው የመጡ ልጆች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው የወይራ ቅጠል የተሳለባት አረንጓዴ ማሊያ አለበሷቸውና፣ «እነዚህ ልጆች ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ናቸው፤ ነገ ቢመጡም፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ቢመጡም ቦታቸው ይጠብቃቸዋል» ብለው በሕዝብ ፊት ተናገሩ።

የላቀው እናት ወይዘሮ ሙሉነሽ ባሏ የሞተባት፣ በሰው በሬ የምታሳርስ ሴት ናት። ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ «ጌታዬ፣ እንግዲህ ልጄ ታጨ ማለት ነዋ?» ብላ ጠየቀችዎ። ክቡርነትዎም ስቀው፣ «አዎ እናቴ፣ ታጨ» አሉ። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ቀልድ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ሙክት ታርዶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ልብስ ተሰጥቶ የተነገረ «ታጨ» ማጨት ነው፤ እኛም እንደ ማጨት ቆጠርነው። ያጠፋነው ጥፋት ቢኖር ይኸው ነው። እንግዲህ የምስጋና ዝርዝራችንን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ አስማረ እናመሰግናለን። ይህ ልጅ ደሞዝ የሚባለውን ቃል እንደሰማ ደብተሩን ጥሎ በዚያው በጥር ወር ወደ እርስዎ መጣ። እኛም «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ብለን ሰደብነው፤ አሁን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አንድ ዓመት ተጫውቶ ጉልበቱ በዱላ ተሰበረ። አንካሳ ሆኖ ሲነሣ የቢሮ ሥራ ቢለምን፣ «ምነው ትምህርትህን ጨርሰህ በመጣህ ኖሮ» ተብሎ የክለቡን በር እንዲጠብቅ ተደረገ። አስማረ ቸኩሎ በመምጣቱ የተበደለ መሆኑን ክለብዎ እንዲህ በግልጽ ስላስረዳው ውለታው ትልቅ ነው።

፪ኛ. ስለ ላቀው ደግሞ የበለጠ እናመሰግናለን። ላቀው ሊቆይ ወሰነ። ከመከሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ በእኛ ቤት የዜማ ተማሪ መምህሩ «በቃህ፣ ሂድ» ሳይለው አይወጣምና፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልሁት። ክቡርነትዎም ውሳኔውን አመስግነው ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ ላኩልን፤ በክለቡ የተመረጠ ተጫዋች እግሩ እንዳይሰበር ትምህርቱን ጨርሶ እስኪመጣ ድረስ ሩር እንዳይነካ የሚል ነበር። እኔው ራሴ ሜዳው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ላቀው ትእዛዙን አከበረ። በ፶፱ እና በ፷ ዓ.ም. ገና የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሲራወጡ፣ እሱ ማሊያውን ለብሶ፣ በላዩ ነጭ ጋቢ ደርቦ ዳር ላይ ተቀመጠ። ታች ሰፈር ሁለቱንም ዓመት ተሸነፈ። የላይ ሰፈር ጎረምሶችም፣

ላቀው ምን ሆነና ዳር ላይ ተቀምጦ፣
ሩሯን ያያታል እንደ ሙሽራ አጊጦ

እያሉ ሲጨፍሩበት ዋሉ። እኔ ዳኛ ስለሆንኩ መሣቅም መቆጣትም አልቻልኩም። ልጁ ግን አልተነሣም። ክረምት ላይ እንኳ ጓደኞቹ ከብት ሲጠብቁ በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ፣ «እኔ የሰው ነኝ» ብሎ ገሸሽ ይል እንደነበር እናቱ ነግራኛለች።

፫ኛ. አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ላቀው ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጦ ነበር። ይህንን ክቡርነትዎ ምናልባት አልሰሙም ይሆናል፤ እኛም በጊዜው አላሳወቅንዎም፣ ምክንያቱም የታጨ ልጅ ሌላ ጠያቂ መጣለት ብሎ ለአጪው መላክ ነውር ነው። ሙሉነሽ «አንድ ልጅ ለሁለት ቤት አይታጭም» ብላ እንቢ አለች፤ ቃሏን የጠበቀች መስሏት ነው። ያንን ቦታ ያገኘው ልጅ ዛሬ ወገዳ ላይ ያስተምራል። ለገበያ ሲመጣ ላቀውን ባየው ቁጥር ባርኔጣውን አንሥቶ በአክብሮት ሰላም ይለዋል። ላቀው በዓለም ላይ እንደዚያ ሰላምታ የሚጠላው ነገር የለም።

፬ኛ. ያለፈው ሰኔ ላቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ። መስከረም ሲጠባ እናቱ ያላትን ጊደር ሸጣ ስንቅና የመኪና ገንዘብ ቋጠረችለት፣ እኔም መርቄ ሸኘሁት። እንቁላላችን በእግሩ አዲስ አበባ ደረሰ። የክለቡን በር የከፈተለት አስማረ ነው። ላቀውን ከነማሊያው ሲያየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ አሉ፤ ላቀው ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባውም ነበር። ክቡርነትዎ ግን በአምስተኛው ቀን አስጠርተው በጥሩ አማርኛ አስረዱት፤ ክለቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጫወተ ተጫዋች አይቀበልም፣ እጁም እግሩም ደንዝዟል፣ ደግሞም አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው ሥራ ይፈልግ እንጂ ሩር ማሳደድ አይገባውም ተባለ። በነዚያ ቀናት ያሳደረውና ያበላው የእርስዎ ክለብ ሳይሆን የአስማረ የዘበኛ ጎጆ ነበር። እንቁላላችን በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። አይጫወት ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ስላልተጫወተ የጣሉትም እርስዎ ነዎት። በእኛ አገር እጮኛውን ከሰው እንዳትገናኝ ቤት አስቀምጦ፣ በሠርጓ ቀን «ቤት ውላ ፈዛለችና አልፈልጋትም» የሚል ሰው አልታየም፤ ቢታይ ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም ነበር። እኛ ግን አምነንዎት ነበር። ከዱን። ልጁንም ከዱት። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይያዛል ይባላል፤ በየት በኩል እንደምንይዝዎ ግራ ገብቶን ነው ይህን የምንጽፈው።

፭ኛ. ሙክቱ የሙሉነሽ ነበር። ያን ጊዜ አልነገርንዎትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። እኔ ከአባቶቼ ባሕረ ሐሳብ ተምሬያለሁ፤ መጥቅዕና አበቅቴ አውጥቼ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል የመቶ ዓመቱን እነግርዎታለሁ። የአንድ ገና ተጫዋች ወደ ክለብዎ መምጫው ትክክለኛ ቀን መቼ እንደሆነ ግን ስቆጥር ሰንብቼ አቃተኝ። አስማረ በጥር መጣ፣ ቸኮለ ተባለ። ላቀው በመስከረም መጣ፣ ዘገየ ተባለ። እንግዲህ በአስማረና በላቀው መካከል የሆነች አንዲት የተባረከች ቀን መኖር አለባት፤ ምናልባትም ከሰዓት በኋላ ናት። ክቡርነትዎ ሒሳቧን ያውቃሉና፣ ለሚቀጥሉት ልጆቻችን በደጀ ሰላም እንድናስነብባት በማኅተምዎ አትመው ቢልኩልን ውለታዎ በጸሎት ይታሰባል።

አሁን የዚህን ዓመት ገና ልንገርዎና እሰናበትዎታለሁ። ማክሰኞ ዕለት ላቀውን ራሴ ሄጄ ከቤቱ ጠርቼ አመጣሁት። ጎንበስ ብሎ፣ አዲስ የቆረጣትን የወይራ ዱላ ይዞ መጣ። ላይ ሰፈሮች ሲያዩት ግጥማቸውን ተዉ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ጨዋታው ተጀመረና ገና ፀሐይ ሳትበረታ ሩሯ ከግርግሩ አምልጣ እየተንከባለለች መጥታ እግሩ ሥር ቆመች። ይህ ልጅ ክቡርነትዎ ያዩት ልጅ ነው፤ አሥረኛ ክፍል እያለ ሩሯ ሳትቆም መትቶ ከዓይን የሚያጠፋት ነበር፤ የመረጡትም ስለዚህ ነው። አሁን ዱላውን አንሥቶ አልመታም። ወደ እኔ ዞረና፣ «መሪጌታ፣ ልምታት?» አለኝ።

ከላይ ሰፈር ልጆች አንድ እንኳ ሩሯን ሊነጥቀው አልቀረበም። እኔም፣ «ምታት ልጄ» አልሁት። መታት። ሩሯ ወደ ጎን ሄዳ ከቀጋው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ከሜዳው ዳር ሙሉነሽ ብቻዋን እልል አለች፤ ሌላ ማንም አልተከተላትም፣ እሷ ግን ሩሯ እስክትወጣ ድረስ አላቆመችም። ጨዋታ መዳኘት ከጀመርኩ ጀምሮ ፊቴን በነጠላ የሸፈንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ በሚመሩት ክለብ ሁሌም ደጀን የሚሆኑ ቸኩለው የመጡ ዘበኞች፣ ዘግይተው የመጡ ተሰናባቾች እንዳይጠፉ እየጸለይኩ፣ የሙክቱን ፍሪምባ ያጎረስኩ እጄን በትሕትና ዘርግቼ፣ ከእግርዎ ሥር ሩሯ እንደቆመች ቆሜ የምሰናበትዎ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
መሪጌታ ወልደ ገብርኤል
የዜማ መምህርና የገና ጨዋታ ዳኛ

ለጥቆ፦ ማሊያዋን መልሱ እንዳይሉን። በእኛ ሥርዓት አጪው ያፈረሰ እንደሆነ የሰጠው ልብስ በታጨው እጅ ይቀራል። ሙሉነሽ ለሁለት በትር አልብሳ በሽምብራዋ ማሳ መካከል አቁማታለች። ዝንጀሮዎቹ የወይራ ቅጠሏን ሲያዩ ሦስት ቀን ፈርተው ሸሹ፤ በአራተኛው ቀን ግን ማንነቷን ዐወቁና አሁን ከሥሯ ተቀምጠው እሸት ይበላሉ። ያም ሆኖ ለክለብዎ የምትስማማ ተጫዋች ናት፤ ከቆመችበት አትነቃነቅም፣ ሩር አትነካም፣ መቼ ልምጣ ብላም አትጠይቅም። በፈለጉ ጊዜ መጥተው ቢመለምሏት እኛ ፈቅደናል፤ ሙክት ግን የለንም።