የቴፑ ክስ

ሰኞ

አሸነፍን! ቴፑ በተከፈተባቸው ቀናት የተሰፋው ሸሚዝ ዝም ከተባለባቸው ቀናት እጅግ ይበልጣል።

የስፌት ቤታችን ባለቤት ሐጂ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ሥራ ቢከመርባቸው፣ «እጃችሁም እንደ አፋችሁ ይዘፍናል፣ ሥራውም ይጓተታል፤ ቴፑን እሸጠዋለሁ» ብለው ነበር። በርቀት ስታትስቲክስ የምማረው እኔ፣ አፌ አያርፍ፣ «ሳይፈተን?» አልኳቸው። መነሻ መላምት፦ ሙዚቃ ለውጥ አያመጣም። ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥበት ነጻ እንደሚባለው ነው። ሐጂም ተስማሙ፤ ቴፑ የሚከፈትባቸውንና የሚዘጋባቸውን ቀኖች በዕጣ ለየን።

አብረውን ለሚሰፉት ለእትዬ አስካለ ደስ ብሎኛል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዝምታ አይወዱም። «ሲዘጋ ሐሳብ ይመጣብኛል» ይላሉ።

ማክሰኞ

ደስታዬ እስከ ረፋድ ነው የቆየው። ውጤቱን ለሐጂ ሳልነግራቸው፣ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የመጣውን የጨርቅ ጥቅል ባነሳ ከሥሩ ያለቀላቸው ሸሚዞች! አጠገቤ የምትሰፋውን ሆዳንን ጠየቅኋት።

«በዝምታው ቀን ከሰፋነው እንደብቃለን፤ በዘፈኑ ቀን እናወጣዋለን። ይሄን ረስተነው ነው። ወላሂ፣ ላንቺ ብለን ነው!»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ዝም ብልስ? ማን ያውቃል?

ረቡዕ

ነገርኳቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሸሚዝ የሚሰርቅ ሠራተኛ አይቻለሁ፤ ሰርቆ የሚመልስ ግን ዛሬ ገና! በይ እንደገና ሞክሪ። አሁን ግን ማታ ማታ እኔው ራሴ እረከባለሁ።»

እትዬ አስካለ ግን ክፉኛ ከፍቷቸዋል። «እውነትሽን ይዘሽ ቴፑን አስሸጥሽው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ሐሙስ

ዕጣው ዝምታ ሆነ። የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ብቻ። እትዬ አስካለ ቀና ብለው አላዩኝም።

ቅዳሜ፣ ከሳምንታት በኋላ

አለቀ። ሌሊቱን ሦስቴ ደጋግሜ አሰላሁት። በዘፈኑ ቀን በጥቂቱ ይበልጣል፤ ግን እንዲሁ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። መላምቱን መጣል አልቻልኩም። ለሐጂ ነገርኳቸው።

«እንግዲህ አይጠቅመኝም?»

«ይጠቅማል ለማለት ማስረጃ የለኝም።»

«ይጎዳኛልስ?»

«እሱንም አላገኘሁም።»

«ክሱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ማስረጃ ከሌለኝ ምን ልበል?» አሉና ሄደው ቴፑን በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

«አይጎዳም አላልኩም እኮ፤ አልተረጋገጠም ነው ያልኩት» ብዬ ላስረዳ ስል ሆዳን በክርኗ ጎሸመችኝ። ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እትዬ አስካለ መኪናቸውን እየረገጡ ከዘፈኑ ጋር አብረው ያንጎራጉራሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።