አትቸኩል የተባለው ጠመንጃዬና የሁለቱ ትራሶች ነገር

በሥላሴ ስም እጀምራለሁ።

እኔ ወንድይራድ ንጉሡ፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ፣ ነዋሪነቴ በፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አስፐን ሂል፣ ሥራዬ ታክሲ መንዳት የነበረ፣ ዛሬ ቅዳሜ ግንቦት ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ቁርሴን በልቼ ይህን የኑዛዜ ቃል እሰጣለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ስለመሆኑ ባለቤቴ የወይንሐረግ ብትጠየቅ «እኔ ምን አውቄ» ብላለች። እንደ አዎንታ ይቆጠርልኝ።

የመናዘዜ ምክንያት ማክሰኞ ቀኝ ዓይኔ የሞራ ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግለት ነው። ሐኪሟ «አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ምሳዎን ቤትዎ ይበላሉ» ብላኛለች። ልጄ ማቲያስም «አባዬ፣ ኢትስ ኖት ኢቨን ሪል ሰርጀሪ» ይላል፤ የምር ቀዶ ሕክምና እንኳ አይደለም ማለቱ ነው። ይበሉ! ቢላዋ የሚገባው እነሱ ዓይን ውስጥ አይደለም። ደግሞም ቀኝ ዓይኔ ዒላማ የማልምበት ዓይኔ ነው።

ምስክሮቼ ሦስት ናቸው። የነፍስ አባቴ ቀሲስ ገብረየስ፣ የተኩስ ባልንጀራዬ በፈቃዱ ከአሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ፣ እንዲሁም የቀድሞ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጸዳለ። ጸሐፊው በፈቃዱ ነው፤ የሚሰማውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲጽፍ ታዟል። ጸዳለ ስትገባ የወይንሐረግ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ የጠራኋትም ለዚሁ ነው።

አንደኛ። ቤቱ፣ መኪናውና ያለችን ጥሪት ሁሉ የባለቤቴ ናቸው። ይህን ለማለት እንኳ ኑዛዜ አያስፈልግም ነበር፤ ድሮም የእሷ ናቸው።

ሁለተኛ። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አትቸኩል ብዬ ስም ያወጣሁለት፣ ባሩድና እርሳሱን በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በባልጩት የሚተኩስ ጠመንጃ አለኝ። እንጨቱና ብረቱ ተበታትኖ በሣጥን ነው የመጣልኝ። ሁለት ክረምት የተኩስ ክበባችን ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ብረቱን ሞርጄ፣ ሰደፉን በዘይት አሽቼ ሰው አደረግሁት። አንዴ ለመተኮስ ባሩዱን ትሰፍራለህ፣ በአፈሙዙ ታፈስሳለህ፣ እንደ ሽምብራ የተድበለበለችውን እርሳስ ቅባት በጠጣ ቁራጭ ጨርቅ ትጠቀልላለህ፣ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ትጠቀጥቃለህ፣ ታልማለህ። ከዚያ ቃታውን ስትስበው ብዙ ጊዜ «ቋ» ብሎ ዝም ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ «ቶሎ በል፣ ፍላይት ሊያመልጠኝ ነው» እያለ ሲያጣድፈኝ ኖሬ፣ የማያጣድፈኝ ነገር ያገኘሁት ይህን ጠመንጃ ብቻ ነው። እወደዋለሁ፤ ይጻፍ።

መጀመሪያ ሰሞን ጨርቁን በንጥር ቅቤ አሽቼ ብተኩስ ሜዳው ሁሉ ክትፎ ክትፎ ሸተተ። የክበቡ ፈረንጆች ምሳ የመጣ መስሏቸው ተኩሳቸውን አቁመው ዞሩ። እሱም ይጻፍ።

ከሁሉ የምፈራው አትቸኩል ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል ነው። ማቲያስ አሌክሳንድሪያ ባለው ምግብ ቤቱ፣ ከመጠጥ መደርደሪያው በላይ ቦታ ለክቶለት ጨርሷል። ልጄ፣ እወድሃለሁ። ነገር ግን እኔ የሠራሁት እሱ ራሱ እንዲጎርስ ነው፤ ደንበኛህ ሲጎርስ ቁልቁል እንዲያይ አይደለም።

በፈቃዱም ተስፋ አድርጎ ነው የመጣው። ይህ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዘንጉን ከአፈሙዙ ሳያወጣ ተኩሶ፣ ዘንጌን እንደ ጦር ጫካ ውስጥ የሰደደ ሰው ነው። እስከ ዛሬ «በወሬ አዘናግተኸኝ ነው» ይላል። ምስክር ያደረግሁትም ለዚህ ነው፤ በአገራችን ሕግ ምስክር አይወርስም።

(ጸሐፊው፦ «አንተ ተንኮለኛ! ቁርስ ያበላኸኝ ለዚህ ኖሯል?» ይህም ይጻፍ ተብሏል፤ ጽፌአለሁ።)

እንግዲህ ወራሹ ማን ይሁን? እሱን ከመናገሬ በፊት የከበደኝን ላውርድ።

ሦስተኛ። የወይንሐረግ፣ ስሚኝ። በእጮኝነታችን ጊዜ በአቡጀዲ ላይ የጠለፍሻቸው ሁለት የትራስ ልብሶች ነበሩሽ። በአንዱ ወንድ ወፍ፣ በሌላው ሴት ወፍ፤ ትራሶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምንቃራቸው የሚገጥም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አፓርትመንት ሳለን፣ ከምድር ቤቱ የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ከላውንድሪው ጠፉ። ካንቺ ቀጥላ ማድረቂያውን የያዘችው ጸዳለ ነበረች። አልሰደብሻትም፤ ሰላምታ ብቻ ነሳሻት። ስድስት ዓመት! በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆማችሁ፣ ሳትተያዩ አስቀድሳችሁ ትወጣላችሁ። ትራሶቹ ቢገኙ ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ እንደተሳልሽም አውቃለሁ።

ጸዳለ አልወሰደችም። ከማድረቂያው ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

የገዛሁት ጨርቅ ሁሉ በባሩዱ እየተቃጠለ፣ እርሳሷ ዒላማ እየሳተች ተቸግሬ ነበር። የክበቡ ሽማግሌ «ሽመናው የጠበቀ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ፈልግ» አለኝ። ላውንድሪ ወርጄ አየሁት፤ ዳሰስሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል፣ ሰይጣን ስለ አቡጀዲ ምን ያውቃል? በመቀስ ከረከምሁት። በዚያው ወር ዋንጫ በላሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትወለውዪው ዋንጫ የትራሶችሽ ዋንጫ ነው።

ወፎቹን ግን አልተኮስኋቸውም። እጄ እምቢ አለኝ። ዙሪያቸውን ቆርጬ ባሩድ ሣጥኔ ውስጥ ሸሸግኋቸው። ትንሽ ድኝ ድኝ ይሸታሉ እንጂ ደህና ናቸው። እነሆ። ጸዳለ፣ እያወቅሁ ዝም ብዬ ስምሽን አስጠፋሁና ይቅር በይኝ። የወይንሐረግ፣ አንቺም ይቅር በይኝ፤ እምቢ ካልሽ ደግሞ ቁጣውን ከማክሰኞ ወዲያ አድርጊልኝ።

(ጸሐፊው፦ የወይንሐረግ ወፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ምንቃራቸውን ገጠመች። ከዚያ ወደ ጸዳለ ዞራ «አፈር ልብላልሽ፣ ጸዲዬ» አለቻት። ጸዳለም «እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ማድረቂያውን ሦስት ሦስት ጊዜ እየፈተሽሁ ኖርሁ፤ ምናልባት ሳላውቅ ወስጄባት ይሆን እያልሁ» አለች። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ቀሲስም «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን መዋጥ አልቻሉም።)

ቀጥሎ የወይንሐረግ ተናገረች። «ጠመንጃውን ለእኔና ለጸዳለ አድርገው።»

«ልትተኩሱት?» አልሁ።

«ትራሴን በልቶ ያደገ ጠመንጃ የማን ሊሆን ነው? እሷ ታጎርሰዋለች፤ እኔ እተኩሳለሁ።»

ጸዳለ ወዲያው «ስሜን ከምስክር ሰርዙት» አለች። በፈቃዱ እያጉረመረመ ሰረዘ። እዚህ አገር ሁለት ምስክር ይበቃል።

አራተኛ። ስለዚህ አትቸኩልን ለባለቤቴ ለወይዘሮ የወይንሐረግና ለወይዘሮ ጸዳለ በጋራ ተናዝዣለሁ። አይሰቀልም። ዘንጉ ሳይወጣ አይተኮስም። ዒላማው እኔ አልሆንም። ማቲያስ ዋንጫውን ይውሰድና እሱን እንደፈለገ ይስቀል።

«ጨርቁስ ከየት ይመጣል?» አለች ጸዳለ። የወይንሐረግ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለሠርጋችን የለበስሁትን፣ አርባ ዓመት ሙሉ «ዛሬም ልክ ነው» እያልሁ የምኩራራበትን ነጭ ሸሚዝ ይዛ ወጣች።

«ጥጥ ነው አይደል?»

«ነው፤ ግን እኮ...»

«ሽመናውስ ጠብቋል?»

ጠብቋል። ይህን ቃሌን በማስጽፍበት ሰዓት መቀሱ እየሠራ ነው። ኮሌታውን ብቻ አስቀርታዋለች፤ እጇ እምቢ ብሏት ነው አሉ።

የተናዛዡ ፊርማ፦ ወንድይራድ ንጉሡ (በደህናው ዓይኔ አይቼ ፈርሜአለሁ)

ምስክር፦ ቀሲስ ገብረየስ

ምስክርና ጸሐፊ፦ በፈቃዱ (በወሬ አዘናግቶኝ ነበር)

በወራሽ እጅ የተጨመረ፦ የቅዱስ ገብርኤልን ጥላ የሚገዛው እሱ ነው። ሞቱን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ማክሰኞ ዓይኑ ይጥራለት፤ ጠመንጃውን ከነአስተማሪው ዛሬውኑ ተረክቤአለሁ። የወይንሐረግ።