አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ከሠራተኛ ማኅበሩ የ2009 አጀንዳ ደረሰኝ። ቀይ፣ ለኪስ የሚሆን። የአምናውን አጀንዳ የአስቤዛ ዝርዝር ስጽፍበት ነው የጨረስኩት። ዘንድሮ እንኳ ቁም ነገር ልጻፍበት... ምን ቁም ነገር አለኝ? እንጃ።

በረዶ ነው። ከሃውገንስቱዋ እስከ ስቶቭነር አውቶቡሱ እየዳኸ ሄደ። አርፍጄ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ስደርስ ዳኑታ ሦስቱን ሰዎቼን አንስታ፣ አጥባ፣ ቁርስ ላይ አስቀምጣቸዋለች። ምን ብዬ ላመስግናት? ኖርስክ፣ የኖርዌይ ቋንቋ፣ የእሷ የተሰባበረ፣ የእኔም የተሰባበረ። ሁለታችን ስናወራ ኖርስኩ ያሳዝናል።

ዳኑታ ከፖላንድ ነው የመጣችው። ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ግን ቋሚ አይደለችም፤ የሚልካት ኤጀንሲ ነው። ግድግዳው ላይ ባለው የፈረቃ ሰሌዳ እኔ «ትርንጎ» ተብዬ ተጽፌያለሁ። የእሷ ቦታ ላይ «ቪካር» ይላል። ተተኪ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስም የላትም! ዛሬ ነው ልብ ያልኩት። እስከዛሬ የት ነበርኩ?

ክፍል አራት ያለችው ጉድሩን ደግሞ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯን ከዳኑታ በቀር ማንም አይነካባትም። እኔ ማበጠሪያ ሳነሳ «ናይ!» ትላለች። አይሆንም! ይቺ ሴትዮስ እንቢ ማለት ታውቅበታለች።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

እራት ላይ መኩሪያና ሀሌሉያ ተፋጠጡ። አባትና ልጅ። ነገሩ ያው ኤ-ኧ-ኤስ የሚሉት ውል ነው። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ግን በዚህ ውል ገበያዋን ከእነሱ ጋር አንድ አድርጋለች። ባሌ «ታጭተው የማይጋቡ» ይላቸዋል። ሰሞኑን ከዚያ በመጣ አዲስ ሕግ የተነሳ ፓርቲው ሁሉ ይናጫል። አንዳንዱ ጭራሽ ከውሉ እንውጣ ይላል። ልጄም ከዚያ ወገን ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ደረቷ ላይ ባጅ።

«ፓፓ፣ ሕጉን እነሱ ይጽፋሉ፣ እኛ እንፈርማለን! ዴሞክራሲ ነው ይሄ?»

«እኔ መጋዘን የምጭነው ሳልመን አውሮፓ ካልገባ አንቺ ትበይዋለሽ?»

«ያ! አዎ፣ እበላዋለሁ!»

«ዓሣ አትወጂም እኮ!»

እኔ «ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩ። ሁሌም እንዲሁ ነኝ። ሐሳብ የለኝም? ወይስ አለኝ፣ ማውጣቱን ነው የምፈራው?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

ዳኑታ አንሶላ እያጠፍን ነገረችኝ። የኤጀንሲው ውል ማርች መጨረሻ ያልቃል። ይታደስ አይታደስ የሚያውቅ የለም። ልጇን ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ያስገባቻት ገና በኦገስት ነው። «ምናልባት እመለሳለሁ» አለች። እንባ የለም፣ ምንም የለም። አንሶላውን ግን ሁለት ጊዜ አጠፈችው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የማኅበራችን ረቂቅ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማርች ላይ ለጉባኤ የሚቀርብ። ሁለት መስመር ነው። አንደኛ፦ ኖርዌይ ከኤ-ኧ-ኤስ ትውጣ። ሁለተኛ፦ በኤጀንሲ የመጡ የውጭ ሠራተኞች ከአረጋውያን ቤቶች ይሰናበቱ።

ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የደመወዙ ነገር ይገባኛል። እነሱን በርካሽ እያሠሩ የእኛንም ያወርዱብናል፤ እውነት ነው። ግን ዳኑታስ? ደግሞ የጻፈችው ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ብየርግ ናት፣ ሊቀመንበራችን። አምና ወገቤን ሲያመኝ ከአለቃ ጋር የተሟገተችልኝ።

እዚህ ማንም አያየኝም፣ ልጻፈው። ጉባኤው ላይ ተወካይ ሆኜ መሄድ እፈልጋለሁ። ያንን መስመር ማስቀየር እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ምርጫው ፌብሩዋሪ 4 ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ስብሰባ ነበር። ቫፍል፣ የቴርሞስ ቡና። ብየርግ «ከእኛ ቤት አንድ ተወካይ ያስፈልጋል፤ እኔ ትርንጎን እጠቁማለሁ» አለች። ልቤ ዘለለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። እኔስ? አንገቴን ደፍቼ «ኧረ ናይ፣ ናይ... ከእኔ የተሻለ ሰው አለ።»

ጨዋ ሰው እንደሚለው! ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ሽማግሌዎቹ «ግድ የለም፣ አንቺው ነሽ» ይሉኛል። እንደገና እንቢ እላለሁ። ሦስተኛ ሲለምኑኝ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ...» ብዬ እቀበላለሁ። ሰው የሚመረጠው እንደዚህ ነው። የመዘምራን ኃላፊ ስሆን አራት ጊዜ ነው ያስለመንኩት።

ብየርግ «እሺ፣ ምንም አይደል» ብላ ስሜን ሰረዘችው። በአንድ መስመር። ቀጥሎ ስቴይናር ተጠቆመ፣ የጽዳት ክፍሉ። «ያ፣ ደስ ይለኛል» አለ። ተመረጠ። አፉ ውስጥ ገና ቫፍል ነበር!

ሁለተኛው ልመና የት ሄደ? ሦስተኛውስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ይሄን አላውቅም?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

ዳኑታን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

ከአምልኮ በኋላ ለእህት እታገኘሁ ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ።

«አንቺስ ደህና ነሽ። እኔ በረዶ ላይ ወድቄ ሐኪሙ ‘እንዴት ነሽ?’ ሲለኝ ‘እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ’ አልኩት። ቤቴ ሰደደኝ! እጄ ለካ ተሰብሯል። ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት አንዴ ነው። ያልሽውን ያምኑሻል።»

ያምኑሻል... እኔ የናቁኝ መስሎኝ ነበር። አራት ቀን ሙሉ በሆዴ ብየርግን ስወቅሳት ከረምኩ። ቃሌን አምና ነው እንጂ ምን በደለችኝ?

«አባቴ ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር» አልኳት።

«አይነቅዝም። አይበቅልምም። ሂጂና እፈልጋለሁ በያት።»

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

ከብየርግ በር ሁለቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ።

«መሄድ እፈልግ ነበር» አልኳት።

«ናይ ብለሻል እኮ?»

«የእኛ የመጀመሪያው ናይ ለወጉ ነው።»

«እና እውነተኛው ስንተኛው ነው?»

«አራተኛው ገደማ።»

ሳቀች። ከዚያ አስረዳችኝ። የስቴይናር ድምፅ የስቴይናር ነው፤ አይነጠቅም። ግን ቅርንጫፉ አንድ ታዛቢ መላክ ይችላል። ድምፅ አይሰጥም፣ መናገርና ሐሳብ ማቅረብ ግን ይችላል። ሦስት ደቂቃ። «ትፈልጊ...»

«ያ!» ሳትጨርስ!

«ሁለተኛውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። እሱን ነው የምቃወመው።»

አልኳት! ፊት ለፊት! ቅር ብሏታል፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ስሜን ጻፈችው። ወደ አውቶቡስ ስሄድ የተሰማኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም።

እሑድ፣ ማርች 1

ንግግሩን ኖርስክ እንድታደርግልኝ ሀሌሉያን ለመንኩ። «ከውሉ አንውጣ የሚል ከሆነ አልጽፍም» አለች። ስለ ዳኑታ ነው አልኳት። «ማሚ፣ ሲስተሙ ነው ችግሩ!» ሲስተሙን አላውቀውም፣ ዳኑታን ነው የማውቃት አልኩ። ድምፃችን ከፍ አለ። በሯን ዘጋችብኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣች። «የልደት ኬኬን የሠራችልኝ ዳኑታ?»

«እሷው ናት።»

ቁጭ አለች። «እኔ የምጠላው ውሉን ነው እኮ። ዳኑታን አይደለም።»

«እሱን ጻፊው።»

«ምኑን?»

«አሁን ያልሽውን።»

ጻፈችው። ሳሎን ቆሜ አነበብኩ፣ መኩሪያ ሰዓት ያዘልኝ። አምስት ደቂቃ! «አሳጥሪው» አለ፣ «ስብከት አይደለም።» ሁለቱም ሳቁብኝ። ከጃንዋሪ ወዲህ አባትና ልጅ ባንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያው ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ዳኑታ የጉድሩንን ጸጉር ስታበጥር ስለ ጉባኤው አወራን። ጉድሩን ሰማችና «የአውሮፓ ኅብረት እንግባ ወይ ሲሉን በ1972 ናይ ብያቸዋለሁ፣ በ1994ም ናይ። ሦስተኛም ቢጠይቁኝ ናይ ነው» አለች።

«ዳኑታስ?» አልኳት። «እሷም እኮ ከአውሮፓ ናት።»

«ዳኑታ አውሮፓ አይደለችም። ዳኑታ ናት» አለች፤ ተቆጥታ።

ይቺን ቃል ንግግሬ ውስጥ ባስገባት ያምርልኝ ነበር። ግን ሦስት ደቂቃዬ ሞልቷል።

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ጉባኤው ቶየን ነበር። ሰማንያ ሦስት ተወካይ። ኖርዌጂያን ሲጮህ የማውቀው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ላይ ነው፤ ዛሬ ግን ጉድ ነው ያየሁት። አንዱ «አገሪቱን ሸጣችኋት!» ይላል። አንዷ ተነስታ «የባሌን ፋብሪካ ልታዘጉት ነው!» ጠረጴዛ ተመታ። አንደኛው መስመር አርባ አራት ለሠላሳ ዘጠኝ አለፈ። ይወጣ ተባለ። አገር የምናስወጣ እኛ አይደለንም፤ ጥያቄው ወደ ላይ ይላካል። ግን ያሸነፉት ተቃቀፉ፣ የተሸነፉት ኮታቸውን ለበሱ።

ከዚያ ሁለተኛው። ስሜ ተጠራ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እንዲህ አልኩ፦ «እኔና ዳኑታ አንድ ሰው በግራና በቀኝ ይዘን ነው ከአልጋ የምናነሳው። አንዳችን ብንለቅ ይወድቃል። ውሉን ጣሉት፣ ከጣላችሁት። አብራኝ የምታነሳዋን ግን አትጣሏት። ከእኛ ጋር የሠሩ ቋሚ ይሁኑ። የማኅበሩ አባልም ይሁኑ፤ ያኔ ማንም በርካሽ አያሠራቸውም፣ የእኛም አይወርድም።» የሰዓቱ መብራት ቀይ ሆነ። ጨርሻለሁ።

ሰብሳቢው ደግ ሽማግሌ ናቸው። «መልካም ሐሳብ ነው፣ መዝግበነዋል» አሉ። «ግን ዛሬ በቂ ተከፋፍለናል። ለአንድነታችን ስትዪ ሐሳብሽን ትተዪዋለሽ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። ያው ፈገግታ። ሆዴ ውስጥ ያቺ ጨዋ ሴትዮ ብድግ አለች፤ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ...» ልትል አፏን ከፈተች።

«ናይ» አልኩ።

አንዴ። ጠበቁ። አልጨመርኩም።

የድምፅ ካርድ ተነሳ። መጀመሪያ ያነሳው ስቴይናር ነው። ብየርግን አየኋት፤ በሊቀመንበርነቷ ድምፅ አላት፤ ካርዷን ይዛ ቁጭ ብላለች። የራሷን መስመር ልትሽር ነው እንግዲህ... ቆየች፣ ቆየችና አነሳችው። ስድሳ አንድ ለሃያ ሁለት አለፈልኝ!

ባኞ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ኩራት ነው። ኩራት ኃጢአት ነው አይደል? ጌታ ለዛሬ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 31

የዳኑታ ውል ዛሬ አለቀ። ጉባኤ ወሰነ ማለት አለቃ ተስማማ ማለት አይደለም ለካ። ብየርግ «እየተነጋገርን ነው፣ ጊዜ ስጪኝ» ትላለች። ደህና ሁኚ ላለመባባል ሁለታችንም በተለያየ በር ወጣን።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 17

ዳኑታ ፖላንድ አልሄደችም፤ ብየርግን አምና እየጠበቀች ነው። ጉድሩን ሁለት ሳምንት ተኩል በሻሽ። ማበጠሪያ ማየት አትፈልግም። ብየርግ ዛሬ አለቃውን ይዛ መጥታ አሳየችው። ሻሹን ብቻ።

ሐሙስ፣ ሜይ 7

አውቶቡሱ በሰዓቱ። ዛፉ ሁሉ ለምልሟል። ፈረቃ ሰሌዳው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከ«ትርንጎ» በታች «ዳኑታ» ይላል። በማሽን የተጻፈ። የሙሉ ሰዓት ስድሳ በመቶ፣ ቋሚ። ጣቴን አሳረፍኩበት። ከኋላዬ «አትሰርዢኝ!» አለችኝ። ተቃቅፈን ተሳሳቅን፣ ኖርስኩም አላሳዘነኝም።

አገሪቱ ከውሉ አልወጣችም። ትወጣም አይመስለኝም። ሀሌሉያ ባጇን አላወለቀችም፤ መኩሪያም ሳልመኑን ይጭናል። ትናንት እራት ላይ ሲጀማምሩ «ብሉ» ሳይሆን «እኔ የሚመስለኝ...» አልኩ። ሁለቱም ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። ቫፍል። የቤታችን የሠራተኞች ተጠሪ ምርጫ። ዳኑታ እጇን አውጥታ እኔን ጠቆመች፤ የአባልነት ካርዷ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

«ትርንጎ፣ ትቀበያለሽ?» አለች ብየርግ።

«ያ» አልኩ። ጥርት አድርጌ።

ብየርግ እርሳሷን አንስታ ስሜን ልትጽፍ ስትል ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ትርንጎ፣ ትቀበያለሽ?»

«ያ፣ አልኩ እኮ!»

አልጻፈችም። ዳኑታ ግራ ገብቷት ታየናለች። ብየርግ ሦስተኛውን ጠየቀችኝ፣ በቀስታ፣ ልክ እንደ ሽማግሌዎቻችን።

«እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» አልኳት።