ከግርጌው ቆመው ስላጸደቁልን ደረጃ

ለተከበሩ የሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለሙሉ ጤንነትዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎ፣ ከልብ የመነጨ መልካም ምኞቴን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ፣ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ባለፈው እሑድ ፊት ለፊት ተገናኝተን ሳለ መናገር የነበረብኝን በሀፍረት ስለዋጥኩት ነው።

እኔና ባለቤቴ ቤታችንን የገዛነው እናቴ ከእኛ ጋር እንድትኖር ብለን ነበር። ፎቅ ላይ ያለውን ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ለእሷ መረጥንላት። ደላላው ወደ ክፍሉ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ደረጃ ሲያሳየን ሙሽራ የሚወርድበት ነው እያለ አሞገሰው፤ እኔም የጣውላውን ወዝ እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የሰው እግር ሳልለካ ሱሪ የማልቆርጥ ሰው፣ የእናቴን እግር ሳልለካ ቤት ገዛሁ። የርክክቡ ዕለት እርስዎ ራስዎ እቤታችን ድረስ መጥተው፣ ከደረጃው ግርጌ ቆመው፣ መደገፊያውን በመዳፍዎ ዳበስ አድርገው፣ ጸድቋል ብለውን ሄዱ። ጫማዎ አንዱንም እርከን አልረገጠም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ትሕትና ቆጥሬው ነበር።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ከእርከኖቹ መካከል የአንዷ ቁመት ከእኅቶቿ ሁሉ ስለሚረዝም አመሰግናለሁ። አማቴ በሠርጋችን ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተቀይመውኝ ኖረው፣ በሽማግሌ ልመና ቤታችንን ሊያዩ መጡ። ከእሷ በላይ ባለው እርከን ቆሜ ስቀበላቸው በዚህችው እርከን ተሰናክለው በሁለት እጃቸው እግሬ ሥር ወደቁ። ጎረቤቶች እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ እያሉ ያወራሉ። አማቴ ግን ዳግመኛ ደጃችንን አልረገጡም፤ እኔም በመንገድ ሳያቸው ፊቴን የማዞርበት አጣለሁ።

፪. መጠምዘዣው ላይ እርከኑ እየጠበበ ሄዶ የእግር ጣት ብቻ ስለሚያሳርፍ፣ የእናቴ አልጋ በገመድ ተጎትቶ በመስኮት ገባ። ሰፈርተኛው በሙሉ ወጥቶ ግራና ቀኝ እያለ አገዘን። እናቴም እሷን በየትኛው መስኮት እንደምናስገባት ጠይቃ ሁሉንም አሳቀች።

፫. ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። እናቴ ከላይ ሆና መንገዱን ማየት ስለምትወድ መውረድ እንደማያምራት ትነግረን ነበር፤ እኛም ስለሚቀለን አመንናት። አንድ ቀን መቀሴን ረስቼ ከሱቅ ብመለስ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ደረጃውን ስትወርድ አገኘኋት። ከእኔ ይልቅ እሷ ደነገጠች። እርከኑን እየወለወለች እንደሆነ ነገረችኝ፤ በእጇ ግን ጨርቅ አልነበረም። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስለዚህ ቤቱን ለሽያጭ አወጣነው። ያው ደላላ፣ በረጅሟ እርከን ላይ የአበባ ማሰሮ እንዳስቀምጥ መከረኝ፤ ለካ ገዢ አበባውን እንዳይነካ እግሩን ሲያነሣ የእርከኗን ነገር ልብ አይልም። እናቴም ሰው ሲመጣ ድምፅ እንዳታሰማ አዘዘ። ማሰሮውን በገዛ እጄ አስቀመጥኩ፤ እናቴንም በገዛ አፌ ዝም እንድትል ለመንኳት። በዚህ የማፍረውን ያህል በደረጃው አላፈርኩም።

እሑድ ዕለት ደላላው ገዢ ይዞ መጣ። ገዢው እርስዎ ነበሩ። ቤቱን ረስተውታል፤ ከታች ብቻ የሚያዩት ቤት ብዙ ስለሆነ አይፈረድብዎትም። ክንድዎን ይዘው የመጡት እናትዎ ነበሩ፤ ፎቅ ላይ ያለውንም ክፍል ለእሳቸው እንዳሰቡት በደስታ ነገሩኝ። እናትዎ መውጣት ሲጀምሩ፣ እናቴ የምርኩዛቸውን ድምፅ ሰምታ ኖሮ፣ ከላይ ተናገረች፦

«እኅቴ፣ ባይወጡ ይሻላል። መውጣቱስ ይቻላል፤ መውረዱ ነው የሚያሳፍረው።»

እርስዎም እናትዎን ቶሎ ደግፈው መለሷቸው። ማሰሮውን ገፋ አድርገው እርከኗን አዩና በቁጣ ወደ እኔ ዞሩ፦

«ይሄንን ደረጃ ማነው ያጸደቀው?»

ደላላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔም እናት ፊት ልጅን ማሳፈር አልሆንልህ ብሎኝ፣ አላውቅም አልኩዎ። ዋሽቼዎታለሁና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። መልሱን አሁን ያውቁታል።

ቤቱ ከእንግዲህ አይሸጥም። ያን ዕለት ማታውኑ እናቴን እንደ ሕፃን አዝዬ አወረድኳት፤ አልጋዋም በገባበት መስኮት ወጥቶ ሳሎን ገብቷል። እንግዳ ስንቀበል አልጋዋ ጫፍ ላይ እናስቀምጣለን። ደረጃው በቦታው አለና፣ በሚመችዎ ቀን መጥተው እስከ ላይ ቢወጡት ከታች ቆሜ በአድናቆት እመለከትዎታለሁ።

መደገፊያችንን ለዳበሱት እጆችዎ ያለኝ አክብሮት የላቀ መሆኑን እየገለጽኩ፣ የእርስዎ ታዛዥ፣

እግር መለካት የረሳው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ እርስዎ ወደ መኪናዎ ቀድመው ሲሄዱ፣ እናትዎ ቀና ብለው እናቴን አጽናንተዋታል። የእሳቸው ልጅ ሥራው ደረጃ መመርመር እንደሆነ፣ እኔም ከመግዛቴ በፊት እሱን ባማክር ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይደርስ በኩራት ነገሯት። እናቴ አመሰገነቻቸው፤ እኔም እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ይህን ጋዜጣ ግን እባክዎ ይደብቁባቸው።