ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቴን ላነጋገሩት አስተባባሪ

ለተከበሩ የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ሥራ ልምምድ አስተባባሪ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ብዙ የሚደክመው ማኅተምዎ እንደምን ከረማችሁ? ለሁላችሁም ሙሉ ጤንነት፣ ረጅም ዕድሜና የማይነጥፍ ቀለም ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴም፣ እርስዎ ጽፈው በፊርማዎ ባረጋገጡት የጉብኝት ሪፖርት መሠረት፣ ባለፈው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሥራ ገበታው ላይ ተገኝቷል። ከሞተ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የሆነው ሰው ሥራውን አለመፍታቱን ከእርስዎ በመስማቴ ምን ያህል እንደተደነቅሁ ለመግለጽ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌያለሁ። በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች እስካሁን ተራ እየጠበቁ ይመስለኛል።

ማን እንደሆንኩ ቢጠፋብዎት አልቀየምም። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በፎቶ ቤቱና በጫማ መሸጫው መካከል ተጨንቃ የቆመችው የስፌት መኪና መጠገኛ ሱቅ የእኔ ናት። ከዚያ በፊት የባለቤቴ ነበረች። ከኪሱ ብሎን ጠፍቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ስሙን ትቶ ጋሽ ብሎን ይለው ነበር። ቅሬታዎቼን በቁጥር የማቀርበው ለተማሪዎችዎ ያዘጋጁት የመመሪያ ደብተር ሐሳብን በቅደም ተከተል ስለማስቀመጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስላለው፣ እኔም ከእርስዎ ለመማር ስለፈለግሁ ነው።

አንደኛ፤ ተማሪዎችን ለሥራ ልምምድ ስለሚያዘጋጁበት ጥበብ። ወደ እኔ የመጣችው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ በር እንዴት እንደሚንኳኳ፣ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ አሠሪን ዓይን ለዓይን እንዴት ማየት እንደሚገባ ተምራለች። "ቀደም ሲል የሠሩባቸው ድርጅቶች" በሚለው ሥር ሦስት ጊዜ "የለም" ብላ በሚያምር ጽሑፍ ሞልታለች። ከዚያም ተለማማጅ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆኑ የአርባ አንድ አሠሪዎች ዝርዝር ሰጥተው አሰማሯት። በዝርዝሩ አንደኛ የሆነው ማተሚያ ቤት ዛሬ ፍራሽ መሸጫ ሆኗል፤ ሻጩም "በዚህ ወር አንቺ አራተኛ ነሽ" ብሎ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ እንድታርፍ ፈቅዶላታል። ስድስተኛው የእንጨት ሥራ ቤት በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ ሲሆን፣ ባዶ እጇን እንዳትመለስ አዝኖላት መምጣቷን በፊርማው ያረጋገጠላት የጉድጓዱ ዘበኛ ነው። እኛ አሥራ ዘጠነኛ ነበርን። በሩ ላይ ቆማ ከቢሮዎ የተሰጣትን ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ የባለቤቴን ሙሉ ስም ከነአባቱ አነበበችልኝ። ሞቷል አልኳት። ደብተርዎ አሠሪው ሞቶ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ስለማይናገር ልጅቷ ከራሷ አእምሮ ፈልጋ፣ "ይቅርታ እትዬ፣ እንግዲያው ማንን ላነጋግር?" አለችኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሱቁን በየማለዳው የምከፍተው ልሠራ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ መዋሉ ስለከበደኝ ነበር። የእሱን ወንበር ፊት ለፊት እያየሁ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ሥራ ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደ ሌላ እልካለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ካቻቢቴና ፒንሳ ሳቀብለው የኖርኩ ሴት መሆኔን፣ መኪና ፈትቼ መግጠም እንደምችል እኔው ራሴ ረስቼው ነበር። ልጅቷን እኔን አነጋግሪ አልኳት።

ሁለተኛ፤ በዚያው ቀን ወደ ቢሮዎ ደውዬ አሠሪው በሕይወት እንደሌለ፣ ልጅቷን የማሠለጥናት እኔ መሆኔን አስታወቅሁ። አንዲት ድምፀ መልካም ሠራተኛ "እሺ እትዬ፣ ይስተካከላል፣ አያስቡ" አለችኝ። አላሰብኩም። በጽሑፍም አስገባሁና ቅጂው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማኅተም ተመትቶ መጣልኝ፤ ክብ፣ ጥርት ያለ፣ የትም ያልፈሰሰ ማኅተም ነውና ስለ ጥራቱ ላመሰግን እወዳለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ የደባለቅሁት እንዳይረሳኝ ብዬ ነው። ልጅቷን ስለላኩልኝ፣ ሳያውቁም ቢሆን፣ አመሰግናለሁ። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የምታወርደው ወንበር ላይ ወጥታ ነው፤ ጣቶቿ ግን ሥራ ያውቃሉ። አንድ ቀን ስፌት የምትዘል መኪና መጣችልን። እኔ ሁለት ሰዓት ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ዘይት አጠጥቼ፣ የመንኮራኩሯን ቺንጋ ቀይሬ ገጠምኩ፤ አሁንም ትዘላለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና መርፌው ዞሮ እንደገባ አሳየችኝ። ሳቋን ልትውጥ ስትታገል ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያች ሱቅ ውስጥ ከእሱ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

አራተኛ፤ በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ ልጅቷ የእርስዎን የጉብኝት ሪፖርት ይዛ መጣች። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። ሪፖርቱ እንደሚለው እርስዎ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ በአካል ተገኝተው አሠሪውን ለሃያ ደቂቃ አነጋግረዋል፤ አሠሪው በተማሪው ሥነ ምግባር መደሰታቸውን፣ የተማሪው ቁመት ከላይኛው መደርደሪያ ያለ ወንበር ዕቃ ለማውረድ አመቺ መሆኑን ገልጸውልዎታል፤ ሆኖም ተማሪው በጉብኝቱ ሰዓት በቦታው ስላልተገኘ ያለ ፈቃድ እንደቀረ ተቆጥሯል። በመመሪያዎ መሠረት ያለ ፈቃድ የቀረ ልምምዱን ይወድቃል፤ ልምምዱን የወደቀም ዓመቱን ይደግማል። በእርስዎ መዝገብ የሞተው ሥራ ላይ ዋለ፣ በሕይወት ያለችው ቀረች፣ በሞተው ምስክርነትም በሕይወት ያለችው ዓመቷን ልትነጠቅ ነው ማለት ነው።

ወዲያው ተነሥቼ ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያላልኩበትን ምክንያት መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ።

በዚያ ማክሰኞ እኔ ሱቅ ውስጥ አልነበርኩም። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝና ልጅቷን ፈቅጄላት፣ ሱቁን ቆልፌ ሄጃለሁ። አንዱ ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው የእሱ ቁልፍ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ቤቱን ገልብጬ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሪፖርትዎ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "አሠሪው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሳይነሡ ተቀምጠው አነጋግረውኛል፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ሲፈልጉት ነበር።" ክቡር ሆይ፣ ይህ ከጭንቅላት የሚፈጠር ሰው አይደለም። ይህ የእኔ ባል ነው።

አምስተኛ፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ይወቁልኝ። ሐሙስ ዕለት ሱቁን ስዘጋ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ የሞከርኩት ሌባ ፈርቼ እንዳልነበረ ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። ዓርብ ጠዋት የዘይት ጣሳው በግራ በኩል ነበር፤ እኔ በቀኝ አስቀምጬው የሄድኩ ይመስለኛል፤ ልምል ግን አልችልም። ወንበሩን በእጄ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ሆን ብዬ ቆለፍኩና ከፎቶ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ የራሴን ሱቅ በር ስጠብቅ አንድ ሰዓት ሙሉ አሳለፍኩ። ፎቶ አንሺው "እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?" ሲለኝ ደንበኛ ቀጥሬ ነው አልኩት። ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ይኸው ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ አፈር ሲለብስ ቆሜ ያየሁትን ሰው፣ በአንድ ቅጽ የተነሣ ይመጣል ብዬ በር በር አይ ነበር።

በሁለተኛው ማክሰኞ ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ያለ ወንበር ያወርዳል የተባለው እኮ እኔ አይደለሁም" አለችኝ። አየኋት። የሚከተለው ቀድሞ የገባት ትመስል ነበር፤ ልታስቀርልኝ የማትችለውን ሐዘን የምትነግረኝ ስለሆነ ነው መሰለኝ ክንዴን ይዛ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ረጅም ልጅ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከእርስዎ ትምህርት ቤት ተልኮ ባለቤቴ ዘንድ የተለማመደ ነው። እርስዎ ሊጎበኙት በመጡ ቀን ልጁ ዕቃ ሊገዛ ተልኮ፣ እኔም እህቴ ዘንድ ሄጄ አልነበርንም።

ሱቁን ከፍተን ፈለግን። የዳዶ ማስቀመጫው ትልቁ ቆርቆሮ ሥር፣ እኔ እጄን ሰድጄ በማላውቅበት ቦታ፣ የዚያ ጉብኝት ሪፖርት ታጥፎ ተቀምጧል። ጉልበቱ፣ መነጽሩ፣ መደርደሪያው፣ ሃያው ደቂቃ፣ ቃል በቃል ያው ነው። እርስዎ ቀኑንና የተማሪውን ስም ብቻ ለውጠዋል። ከወረቀቱ ሥር ቁልፉ ነበር። ማንም በዚያ ቁልፍ አልገባም። ሁለት ሳምንት በሕይወት ካቆየሁት በኋላ እንደገና ሞተብኝ፤ ልጅቷም ቆርቆሮውን መልሳ ስናነሣው የፈሰሱትን ዳዶዎች አንድ በአንድ እየለቀመች ከታች ተቀመጠች።

ስድስተኛ። በአሮጌው ሪፖርት መጨረሻ፣ "ሌሎች አስተያየቶች" በሚለው ሥር፣ በአዲሱ ላይ የሌለች አንዲት መስመር አለች። እንዲህ ትላለች፦ "አሠሪው ደረታቸውን ስለሚያማቸው ከእንግዲህ ተለማማጅ ለመቀበል እንደማይችሉ ገልጸው ስማቸው ከዝርዝሩ እንዲወጣ ጠይቀዋል፤ ሕመማቸውም ለባለቤታቸው እንዳይነገር አሳስበዋል።" ሁሉን ሲገለብጡ ይህችን ብቻ አልገለበጡም። አንብበዋታል ማለት ነው። ይህን ከጻፉ በኋላ አምስት ወር ኖሯል። አምስት ወር፣ ክቡር ሆይ፤ እየጎተትኩም ቢሆን ሐኪም ቤት አደርሰው ነበር። በእሱም ተናድጃለሁ። ለእሱ የምጽፍበት አድራሻ የለኝም፤ እርስዎ የሚጎበኙት ከሆነ ያድርሱልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። የልጅቷን የመጨረሻ ግምገማ በስሜ ፈርሜ ላክሁ፤ "በዝርዝሩ ላይ የተመዘገቡት አሠሪ እስከ ዓርብ ድረስ ይፈርሙ" የሚል በቀይ ተጽፎበት ተመለሰ። የእሱን ፊርማ ዓይኔን ጨፍኜ መፈረም እችላለሁ። ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ ሞክሬው በጣም ተመሳሰለ፤ ቀድጄ ጣልኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጅቷ በሞተ ሰው ፊርማ እንድታልፍ አልፈልግም። በሞተ ሰው ምስክርነት እንድትወድቅም አልፈቅድም። ቅጹን በራሴ ፊርማ መልሼ ልኬያለሁ፤ ከእሱ ጋር ሁለቱን ሪፖርቶችና የሞት ምስክር ወረቀቱን አያይዣለሁ። የእኔን ፊርማ ይቀበሉ፤ ቀርታለች ያሉትን ይሰርዙ።

ሌላ አንድ ልመና አለኝ፤ ይህኛው ቅጽ የለውም። እባክዎ አንድ ቀን ወደ ሱቁ ይምጡ፤ አሁን በእውነት ይምጡ። አልቆጣዎትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ያን ሃያ ደቂቃ ይንገሩኝ። ስለ ደረቱ ሲያወራዎት ድምፁ እንዴት ነበር? ፈርቶ ነበር? ስለ እኔ ያለው "አይነገራት" ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ? እኔ የማላውቃት አንዲት የእሱ ሃያ ደቂቃ በዓለም ላይ እርስዎ ዘንድ ብቻ ናት፤ እርስዎም አንድ ጊዜ ገልብጠዋታል።

ለጊዜዎ፣ ለትጋትዎ፣ ሙታንን እንኳ ሳይዘነጉ ለሚያደርጉት ክትትል ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ደጅዎን ስለመጥናቴ አስቀድሜ ይቅርታ የምጠይቅዎ፣

የጋሽ ብሎን ባለቤት፣ የስፌት መኪና ጠጋኝ።

ማስታወሻ፦ በዚያ ማክሰኞ አራት ሰዎች ሱቅ ውስጥ አልነበሩም። ልጅቷ በየቀኑ በምትሞላው የልምምድ መዝገቧ "ሱቁ ዝግ ነበር፤ አልሠራሁም" ብላ ጽፋለች። እኔ የዓይን ሐኪሙ ካርድ አለኝ። የባለቤቴ ምክንያት ይታወቃል። የአራተኛውን ምክንያት እስከ ዓርብ ድረስ እጠብቃለሁ።